ማሳከክ የተወ እግር

ሰላምታችን ረጅም ነው፤ ይህን ማንም አይክደንም። ጤና እንዴት ነው? ልጆች ደህና? ሥራ ደህና? ወገብህ ተሻለህ የሚል አይጠፋም፤ ጨጓራህስ የሚልም አለ። እስቲ አስታውሱ፣ እግርህ እንዴት ከረመ ብሎ የጠየቃችሁ ሰው አለ? እኔን በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ አንድም ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። ቀኑን ሙሉ ተሸክሞን የሚዞረው እሱ፣ ጫማ ውስጥ ታፍኖ የሚውለው እሱ፣ ሰላምታ የሚነፈገው ደግሞ እሱ። ጫማ እንኳ ሊስትሮ አለው።

እኔ ግን እግር አከብራለሁ። ማክበር ብቻ አይደለም፣ እንዲያውም ትንሽ እፈራዋለሁ። ይህን የተማርኩት ከጋሽ ወርቅነህ እግር ነው። ጊዜ ካላችሁ ቁጭ በሉና ላጫውታችሁ፤ ጊዜ ከሌላችሁም ቆማችሁ ስሙኝ፣ እግር አላችሁ።

ጋሽ ወርቅነህ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ከፒያሳ ወደ ጊዮርጊስ ስትወጡ ገባ ብላ የምትገኝ፣ ጣሊያን የሠራት፣ የእንጨት በረንዳ ያላት ሱቅ ነበረቻቸው። ቤታቸው ከሱቁ ጀርባ ነው፤ እኔም እዚያው ግቢ ውስጥ አንዲት የቀበሌ ክፍል ይዤ እኖር ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው። አምስት ኪሎ አጠገብ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ፤ ከሥራ ስወጣ ቤቴ ሳልገባ በቀጥታ እሳቸው በረንዳ ላይ ነው የምቀመጠው። በዚያ ዘመን ሰው ሳይፈራ የሚስቅበት ቦታ ብዙ አልነበረም። ጋሽ ወርቅነህ ጋ ግን የመኪናዋ ድምፅ ወሬያችንን ይሸፍንልን ነበር።

ያኔ የልብስ መኪና በኤሌክትሪክ አይነዳም፣ በእግር ነው። ከሥር የብረት ርብራብ የሆነ ፔዳል አለ፤ እሱን በሁለት እግር እየረገጡ ነው መርፌዋን የሚያስኬዷት። ጋሽ ወርቅነህ ጫማቸውን አውልቀው ነበር የሚሰፉት። ጫማ አድርጎ መስፋት ጓንት አድርጎ እንጀራ እንደ መቁረስ ነው ይሉ ነበር። እጅ ጨርቁን ይመራል እንጂ ስፌቱን የሚያውቀው እግር ነው ባይ ናቸው። እውነትም የኮት ትከሻ ላይ ሲደርሱ እግራቸው በራሱ ቀስ ይላል፣ የሱሪ ጎን ላይ ሲደርሱ ለቀቅ ያደርጋል። ከእኛ ጋር እየተጨዋወቱ፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው፣ ኪስ ሲገጥሙ አይቻለሁ።

እንግዲህ እነዚህ እግሮች ናቸው ማሳከክ የጀመሩት።

መጀመሪያ ቀላል ነገር መስሎ ነበር። የጣቶቻቸውን ጫፍ በላቸው። ቀጥሎ የውስጥ እግራቸውን። ከዚያ ነገሩ ከመብላት አለፈና መውጋት ጀመረ። መርፌ መርፌ ይለኛል ይሉ ነበር። ሲያሻው ጉንዳን የሚሄድበት ይመስላል፣ ሲያሻው ሚጥሚጣ እንደተነሰነሰበት ያቃጥላል። ቢያኩት ቢያኩት አይበርድም። ቆዳው ላይ ቢፈልጉ ሽፍታ የለ፣ እብጠት የለ። የሚበላው ከውስጥ ነው፤ ጥፍር የማይደርስበት ቦታ። በኋላ ዘዴ አገኙ፤ የውስጥ እግራቸውን ከፔዳሉ ርብራብ ጋር መፈተግ። እኛ በረንዳ ላይ የተቀመጥነው ሰዎች መኪናዋ ጨርቅ ሳይኖርባት ስትሮጥ ስንሰማ፣ ጀመራቸው እንባባላለን። አላፊ አግዳሚው ግን ጋሽ ወርቅነህ ሥራ በዛላቸው እያለ ይቀናባቸው ነበር።

ታዲያ ሰፈር ዝም ይላል? መጀመሪያ ቁንጫ ነው ተባለ። ፍራሹ ፀሐይ ላይ ወጣ፣ ብርድ ልብሱ ተቀቀለ፣ ቤቱ ዲዲቲ ተነፋበት። ቁንጫዎቹ አለቁ፤ ጎረቤት ያለሁት እኔም ለማለቅ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ማሳከኩ ግን አለ። ምች ነው ተባለና ዳማከሴ ታሸ። ብርድ ነው ተባለና እግሩ በጨው ውሃ ተዘፈዘፈ። አንዱ አዋቂ ነኝ ባይ ደግሞ ላምባ ቀባቸው። ላምባው እስኪጠፋ ድረስ በዚያ በረንዳ ላይ ሲጋራ የሚለኩስ ሰው አልነበረም።

ባለቤታቸው እትዬ አስካለ የፈሩት ሌላ ነገር ነው። የውስጥ እግር ሲበላ መንገድ አለ ይባል የለ? በሌላ ዘመን ቢሆን መልካም ወሬ ነበር። በዚያ ዘመን ግን ሰው የሚሄደው ወይ ትፈለጋለህ ተብሎ ነው ወይ ዝመት ተብሎ ነው፤ የሁለቱም መመለሻ አይታወቅም። እትዬ አስካለ የባላቸውን ሹራብና ቅያሪ ካልሲ በጨርቅ ቋጥረው በሩ አጠገብ አስቀመጡ። ጋሽ ወርቅነህ ቋጠሮዋን ባዩ ቁጥር፣ አስካለ ልታባርረኝ ነው እያሉ ይስቁ ነበር። ሳቃቸው ግን አጭር ነበር።

የሚገርመው ምን መሰላችሁ? በሽታው ስም ነበረው። ከዓመታት በፊት አንድ ሐኪም ስኳር አለብዎ ብሏቸዋል። ስኳር በቀበሌ በራሽን በሚታደልበት፣ ሻያችንን ከረሜላ እየመጠጥን በምንጠጣበት ዘመን፣ ስኳር በዛብዎ ይባላል? የት አግኝቼው ብለው ከሐኪሙ ጋር ተከራከሩ። እኛም አልማርናቸውም፤ ጋሽ ወርቅነህ የራሽን ስኳር ደብቀው ተገኙ እያልን አሾፍንባቸው። ያም ሆኖ የሐኪም ቃል አክብረው ሻይ ላይ ስኳር ማድረግ ተዉ። በምትኩ ማር ያደርጉበት ጀመር። ማር መድኃኒት ነዋ። ማርም ያው ነው የሚል ሰው በሰፈራችን አልነበረም። ስኳርና እግር ይዛመዳሉ ብሎ ያሰበ ደግሞ ጭራሽ አልነበረም። ስኳር የምላስ ነገር ነው፤ ምላስና እግር በየት በኩል ይገናኛሉ?

ክረምቱ ሲገባ ማሳከኩ ባሰ። መርፌ ላይ ክር ለማስገባት እንኳ ዕረፍት አጡ። ያን ጊዜ ነው የተሳሉት። እማማ ጥሩነሽ የሚባሉ፣ ጸሎታቸው ጠብ አይልም የሚባልላቸው አሮጊት ጎረቤት ነበሩን፤ ስለቱ የተነገረው እሳቸው ፊት ነው። ጋሽ ወርቅነህ፣ ይህ ማሳከክ ከለቀቀኝ ለመስቀል በባዶ እግሬ ወጥቼ፣ የሰፈሩ ደመራ አመድ መካከል ቆሜ አመሰግናለሁ አሉ። የጨነቀው ሰው ሲሳል አይመጥንም፤ አፉ እንዳመጣለት ነው።

ለቀቃቸው።

ለቀቃቸው ስላችሁ በአንድ ጀንበር አይደለም። ነሐሴ ሲጋመስ መኪናዋ ያለ ጨርቅ መሮጧን አቆመች። በረንዳው ላይ ያለነው ተያየን። ጋሽ ወርቅነህ ወጡና እግራቸውን ዘርግተው አሳዩን። ምንም አይለኝም፣ የሌላ ሰው እግር ይመስል ጸጥ ብሎ ተቀምጧል አሉ። ደስ አለን። እማማ ጥሩነሽ እልል አሉ። እኔም፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከልቤ ተደነቅሁ። ያ ሁሉ ላምባና ዲዲቲ ያቃተው ነገር በአንድ ስለት ጸጥ አለ።

አንዳንድ ምልክት ነበር፤ ያኔ ማን ልብ ይበለው? የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ሽፈራው ካኪ ሱሪ አሰፍቶ ነበር። ሱሪው ሲደርስ ስፌቱ አንድ ቦታ ተጨናንቆ፣ አንድ ቦታ ደግሞ ተራርቆ ተገኘ። በጋሽ ወርቅነህ እጅ እንዲህ ያለ ስፌት ታይቶ አይታወቅም። እሳቸው ክሩን ወቀሱ። ክሩ የመጣው ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር ስለነበረ፣ ጓድ ሽፈራው ወቀሳውን እንዳልሰማ ሆኖ ሱሪውን ይዞ ሄደ።

መስቀል ደረሰ። የሰፈራችን ደመራ በዋዜማው ተለኩሶ ወድቋል። ጠዋት ሰዉ ነጭ ለብሶ ይወጣና አመዱን በጣቱ ነክቶ ግንባሩ ላይ መስቀል ይሠራል። ሁሉም የሚወስደው ከዳር ነው፤ መካከሉ ከላይ አመድ ቢመስልም ከሥሩ ፍሙ ገና አልሞተም። ጓድ ሽፈራውም መጥቷል። ለጸጥታ ጥበቃ ነው የመጣሁት እያለ ከስልክ እንጨት ሥር ቆሟል።

ጋሽ ወርቅነህ ጋቢያቸውን ተከናንበው በባዶ እግራቸው መጡ። ሰዉ ገለል አለላቸው። ዳር ላይ ይቆማሉ ስንል ቀጥ ብለው ወደ መካከል ገቡ። አንዱ፣ ጋሼ ይተኩሳል አላቸው። በእጃቸው ተወኝ የሚል ምልክት ሰጡና አማተቡ። አባታችን ሆይን ጀመሩ። ጨረሱ። እመቤቴን ጀመሩ። ነፋስ ሽው ሲል አመዱ ብን አለና ከተረከዛቸው ሥር ቀይ ነገር ታየ። ፍም ነው። ፍም ረግጠው ነው የሚጸልዩት። ፊታቸው ላይ አንዲት ጅማት አልተንቀሳቀሰችም፤ እንዲያውም ፈገግ ያሉ ይመስላሉ።

ይህን በዓይኔ ነው ያየሁት። መሥሪያ ቤቴ ውስጥ በየሳምንቱ የውይይት ክበብ እየተሰበሰብኩ፣ ተአምር የሚባል ነገር የለም የሚል ትምህርት ስቀበል የምውል ሰው ነበርኩ። መሬት ላይ ተንበርክኬ ራሴን አገኘሁት። እንዴት እንደተንበረከክሁ አላውቅም። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ዘወር ብዬ ጓድ ሽፈራውን ባየው ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዞታል። ዛሬ ነገሩን ሁሉ አውቄ እንኳ ያቺን ጠዋት ሳስታውስ ሰውነቴን ይነዝረኛል።

ጸሎቱን ጨርሰው ሲወጡ ሰዉ ከዳር አመድ መውሰዱን ተወና እሳቸው የረገጡትን ይዘግን ጀመር። እማማ ጥሩነሽ እግራቸውን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ጋሽ ወርቅነህ አፍረው ሸሹ። ሽሽቱ ግን ብዙ አላራቃቸውም። ያ እግራቸው ላይ ያለው አመድ የበረከት አመድ ነው፣ ቶሎ አይታጠብም ተባለ። እማማ ጥሩነሽ አዲስ የሱፍ ካልሲ ከቤታቸው አምጥተው፣ አመዱ እንዳለ አጠለቁላቸው።

ከዚያ በኋላ ሱቁ ሱቅ መሆኑ ቀረ። ያልተቀደደ ልብስ ይዞ መጥቶ ጠግኑልኝ የሚል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ አየን። እጃቸው እንዲነካው ብቻ ነው። ከአፍንጮ በር ድረስ የሚመጡ ሴቶች ነበሩ። ጋሽ ወርቅነህ፣ ኧረ እኔ ኪስ ገጣሚ ነኝ ቢሉ ማን ሰምቷቸው። ትሕትናቸው ተብሎ ተተረጎመና ጭራሽ ባሰ።

ጓድ ሽፈራውም መጣ። ሱሪ ላሳጥር ብሎ ነው የመጣው፤ ሱሪው ግን ልክ ነበር። እኔ በረንዳው ላይ መሆኔን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ ጆሮዬ ግን ያኔ ጥሩ ነበር። የበኩር ልጁ ለብሔራዊ ውትድርና ደርሷል። የሰፈሩን ልጆች የሚመለምለው ራሱ ሽፈራው ነው፤ የሰው ልጅ እየላከ የራሱን ማስቀረት ደግሞ አልቻለም፣ ቢያስቀርም እሱንም ልጁንም የሚውጥ ነገር ይመጣል። እንደ ሊቀመንበር ሳይሆን እንደ አባት ነው የምለምንዎ፣ ልጄን በጸሎትዎ ያስቡልኝ አላቸው። ጋሽ ወርቅነህ ሱሪውን ተቀብለው አጠፉት፣ ዘረጉት፣ እንደገና አጠፉት። እሺ ሽፈራው አሉ በመጨረሻ።

ሰውየው ሲሄድ ወደ እኔ ወጡና አጠገቤ ተቀመጡ። ፈርተዋል።

"ምን እንደሚያስጨንቀኝ ታውቃለህ?" አሉኝ። "እዚያ ፍም ላይ ቆሜ ምንም አልተሰማኝም። ብቃት ሲመጣ ለሰው አንድ ነገር የሚሰማው ይመስለኝ ነበር።"

እኔ የማውቀው ተንበርክኬ እንደነበረ ብቻ ነው።

እትዬ አስካለ በዚህ ሁሉ ግርግር ውስጥ እልል ብለው አያውቁም። ሴትዮዋ ዝምተኛ ናቸው፣ ዓይናቸው ግን ያያል። ባላቸው ነጠላ ጫማቸው ከእግራቸው ወልቆ በር ላይ ቀርቶ፣ ሳያውቁት በአንድ እግር ጫማ እስከ ግቢው መሐል ሲሄዱ አይተዋል። አሁን ደግሞ ቤቱ ውስጥ የሆነ ሽታ አለ። የበረከት አመድ እንዲህ አይሸትም አሉ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አቀረቡና፣ እማማ ጥሩነሽ ቢቆጡም ይቆጡ እንጂ ይህን እግር አጥባለሁ ብለው ተቀመጡ። እኔን የጠሩኝ ካልሲው አልወልቅ ሲላቸው ነው።

ስገባ ጋሽ ወርቅነህ ወንበራቸው ላይ ደላደል ብለው ሻያቸውን ይጠጣሉ። እትዬ አስካለ ካልሲውን በውሃ እያራሱ ቀስ ብለው ይስባሉ። ወጣ። ካልሲው ብቻ አልነበረም የወጣው፤ የውስጥ እግራቸው ቆዳ አብሮ ወጣ። ከሥር የታየውን አልነግራችሁም። ግድግዳውን ያዝኩ። እትዬ አስካለ አልጮኹም። ሁለት ጣታቸውን ቁስሉ ላይ ጫን አደረጉ።

"ወርቅነህ፣ ይህን ስነካህ ያምሃል?"

"ምኔን ነው የነካሽኝ?" አሉ ጋሽ ወርቅነህ፣ ሻያቸውን እየተጎነጩ።

በሕይወቴ ብዙ የሚያስፈራ ነገር ሰምቻለሁ። ዘመኑም ለዚህ አልሰሰተም። እንደዚያች ጥያቄ ያስፈራኝ ግን የለም።

ሆስፒታል ወሰድናቸው። የተቀበለን ኩባዊ ሐኪም ነው፤ አማርኛው ከደህና ነህና ከአመሰግናለሁ አያልፍም፣ አንዲት ነርስ ታስተረጉምለታለች። ዓይንዎን ይጨፍኑ አላቸው። መርፌ አወጣና ጣታቸውን ወጋ። አሁን የሚሰማዎት አለ? የለም። ወደ ተረከዝ ሄደ። አሁንስ? የለም። ወደ ቁርጭምጭሚት ወጣ። አሁንስ? ጀመርክ እንዴ አሉት። መርፌው ቆዳቸው ውስጥ ሲገባ እኔ ነኝ ጥርሴን የነከስኩት። ግማሽ ዕድሜያቸውን በዚያ እግር የሰው ትከሻና ወገብ ሲለኩ የኖሩ ሰው፣ እግራቸው የት እንዳለ እንኳ አያውቁም።

ሐኪሙ፣ አሳክኮዎት ያውቃል ወይ ብሎ አስጠየቀ። አያውቅም እንዴ? ያን የክረምቱን ስቃይ ሁሉ ነገሩት። ታዲያ መቼ ተወዎት? ጋሽ ወርቅነህ ቀና አሉ። ከነሐሴ ወዲህ ተመስገን፣ ጨርሶ ለቆኛል አሉ። ነርሷ ስታስተረጉምለት ሐኪሙ መርፌውን አስቀመጠና መሬት መሬቱን አየ።

ከዚያ ያስረዳን ነገር እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። በሰውነታችን ውስጥ ከክር የቀጠኑ ነርቮች አሉ አለ፤ ከጀርባ አጥንት ተነሥተው እስከ እግር ጣት ጫፍ የሚወርዱ። ደም ውስጥ ስኳር ሲበዛና ሲቆይ እነዚያን ክሮች ይጎዳቸዋል፤ ረጅሙን አስቀድሞ፣ ስለዚህ ከእግር ይጀምራል። ክሩ ሲጎዳ ይጮኻል። ጩኸቱ ነው ማሳከኩ፣ ጩኸቱ ነው መውጋቱ፣ ጉንዳኑም ሚጥሚጣውም እሱ ነው። ጩኸቱ ሲቆም ሁልጊዜ ዳነ ማለት አይደለም፤ የሚጮኸው ሞቶ ሊሆን ይችላል። ለእኔ የገባኝ እንደ ሰፈር ዘበኛ ነው። ሲጮህ እንቅልፍ ነሳኝ ብለህ ትሰድበዋለህ። ዝም ሲል ተመስገን ብለህ ትገለበጣለህ፤ ዘበኛው ምን እንደሆነ ወጥቶ የሚያይ ግን የለም።

ማሩንም ጠየቀ። ስኳር ትቻለሁ፣ ማር ብቻ ነው አሉ ጋሽ ወርቅነህ። ኩባዊው ሲሰማ ራሱን ያዘ። ማርን በስፓኒሽ ምን እንደሚሉት ያወቅሁት ያን ቀን ነው፤ ደጋግሞ ሲለው ሰምቼ።

ከዚያ ቁርጡን ነገረን። ቁስሉ ካልያዘ እግሩ ከጉልበት በታች ይቆረጣል። በየቀኑ ቁስሉ ይጠረጋል፣ ኢንሱሊን የሚባል መርፌ ይወጋል፣ መሬት መርገጥ የለም፤ ከዚያ የሚሆነውን እናያለን አለ። ጋሽ ወርቅነህ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራቸው። መኪናዬን በምን እነዳለሁ?

ያን ቀን ቤቴ እንደገባሁ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? መርፌ ፈለግሁ፣ አልጋዬ ላይ ተቀመጥሁ፣ የውስጥ እግሬን ወጋሁ። ዘልዬ ተነሣሁ። ሌላውንም ወጋሁ፤ አሁንም ዘለልሁ። እንዴት ያለ ነገር ነው? እዚያ ታች፣ ጫማ ውስጥ፣ ጨለማ ውስጥ ሆኖ ሳልጠይቀው የሚጠብቀኝ ነገር አለ። ስተኛም አይተኛም። ስንት ዘመን አብሬው ኖሬ አንድ ቀን ተመስገን ብዬው አላውቅም። ጎረቤቴ በግድግዳው በኩል ምን ሆነህ ነው አለኝ። ደህና ነኝ፣ በጣም ያማል አልኩት።

ኢንሱሊኑ ቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ ነበረበት። በሰፈራችን ማቀዝቀዣ ያለው ደግሞ የቀበሌው መዝናኛ ክበብ ብቻ ነው። ጓድ ሽፈራው ራሱ ቁልፉን ይዞ፣ መድኃኒቱን በቢራና በአምቦ ውሃ መካከል አስቀመጠው። ይህን የሚነካ ከአብዮቱ ጋር ይጣላል ብሎ አስተናጋጆቹን አስጠነቀቀ። የልጁን ነገር ካነሣችሁ፣ ልጁ ሳንባው ላይ ምልክት ተገኝቶበት በዚያ ዙር ቀርቷል። በልጁ ሳንባ መታመም እንደ እሱ ደስ ያለው አባት አላየሁም። ሐኪሙ ስለ ነርቭ ያለውን ስንነግረው፣ እሱ ይቆየን፣ እኔ ያየሁትን አይቻለሁ አለን። እማማ ጥሩነሽም ያው ናቸው። ፍም ላይ መቆማቸው በሽታ ነው ትላላችሁ፣ ታዲያ ያን ያህል ተቃጥሎ እግሩ ያልተቆረጠው በማን ነው ብለው አፋጠጡኝ።

እግሩ አልተቆረጠም። ትንሿ ጣት ሄደች፣ ሌላው ቀረ። ጋሽ ወርቅነህ በከዘራ ቤታቸው ገቡ። ማር ቀረ፣ በባዶ እግር መሄድ ቀረ። እትዬ አስካለ በየማለዳው ባላቸውን አልጋ ጠርዝ ላይ አስቀምጠው፣ ከእግራቸው ሥር ተንበርክከው፣ እያንዳንዷን ጣት ገልጠው ያያሉ። የማይሰማ እግር በዓይን ነው የሚጠበቀው ብሎ ያዘዛቸው ሐኪሙ ነው። ስሜቱ ይመለስ ይሆን ብለን ስንጠይቀው እጁን ዘርግቶ ነበር። ምናልባት ትንሽ፣ ምናልባትም ጭራሽ። ከተመለሰ ግን መጀመሪያ የሚመጣው ማሳከኩ ነው፤ ያን ጊዜ ደስ ይበላችሁ አለን። ኢንሱሊኑ በሰዓቱ ይወጋል፣ ወራት ያልፋሉ፣ እግሩ ግን ጸጥ እንዳለ ነው። መኪናዋ ላይ ጫማ አድርገው ተቀምጠው ይሞክራሉ፤ ፔዳሏ ታንገራግራለች፣ ክሩ ይበጠሳል። ጨርቁን አስቀምጠው እጃቸውን ያያሉ፤ እጅ ብቻውን ምን ያደርጋል?

ገና ሊደርስ አካባቢ ነው። ከሥራ ወጥቼ በረንዳው ላይ ተቀምጫለሁ። መኪናዋ እንደ ልማዷ ስታንገራግር ቆይታ ድንገት ዝም አለች። ዞር ብዬ ባይ ጋሽ ወርቅነህ ጫማቸውን አውልቀው ቀኝ እግራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ዓይናቸው ግንብ ላይ ነው። ምን ሆኑ ብዬ ሮጥኩ። እትዬ አስካለም ከጓዳ ወጡ።

"በላኝ" አሉ። "አስካለ፣ ተረከዜን በላኝ።"

ያን ሁሉ ጊዜ እንባ ያላወጡት እትዬ አስካለ መሬት ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። እኔም ዓይኔን ጠረግሁ። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ያምናል? የሞተ ነው ያልነው ክር ከሥር ሆኖ አለሁ አለ። ጋሽ ወርቅነህ አላከኩትም። ጣታቸውን አስጠግተው ሳይነኩት ብቻ ይጠብቁታል፤ ሲመጣ ፊታቸው ይበራል፣ ሲተዋቸው ደግሞ ይጨነቃሉ።

ወሬው ግን ተጣሞ ነው ግቢውን የዞረው። ያ ማሳከክ ተመለሰባቸው ተባለ። ሰዉ ደንግጦ ሱቁን ሞላው። እማማ ጥሩነሽ ነጠላቸውን አደግድገው መጡ፤ ጓድ ሽፈራውም ኮፍያውን አውልቆ ከኋላቸው ቆመ። እትዬ አስካለ ሊያስረዱ ቢሞክሩም የሚሰማቸው አላገኙም። እማማ ጥሩነሽ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ አምላኬ ይህን ክፉ ማሳከክ ካገልጋይህ አርቅለት፣ ዛሬውኑ ንቀልለት እያሉ በሙሉ ድምፃቸው ጀመሩ። የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ሱቁ እስኪናወጥ አሜን አለ።

ጋሽ ወርቅነህ እግራቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ አንድ እጃቸውን ከፍ አደረጉ።

"ኧረ እባካችሁ ቀስ በሉ" አሉ። "ይሰማችኋል።"